እንግሊዝ አገር ኢንተርንሺፕ አገኘሁ፤ እናቴ ግን «ይሄም ደላላ ነው» አለች

የሰላድንጋይ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ደብረ ብርሃን ሶሻል ወርክ ተምሬ አምና ተመረቅሁ። ሥራ የለም። ዓመቱን ሙሉ ሲቪ ስበትን ከረምኩ። ክረምት ላይ ጓደኛዬ የላከችልኝን ማስታወቂያ አይቼ እንግሊዝ አገር ላለ አንድ የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት አመለከትኩ። ሰው የነገደባቸውን ሴቶች የሚያስጠልሉ ናቸው። ሁለት ጊዜ በቪዲዮ አናገሩኝ። ባለፈው ሳምንት «ተቀብለንሻል፣ ለአምስት ወር ኢንተርን ትሆኛለሽ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ደመወዝ የለውም። ማደሪያና ምግብ በነሱ ነው፤ ትኬትና ቪዛ በኔ።

ደብዳቤውን ለእማዬ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ቡና እየቆላች ነበር። «ማደሪያና ምግብ በነሱ፣ ትኬቱ ብቻ በኛ» ስላት መቁያው እጇ ላይ ቀረ። ቡናው እስኪያር ዝም አለች። ከዚያ «ይሄም ደላላ ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ በ2003 ቤይሩት ሄዳ ነበር። ቤታችን መጥቶ የወሰዳት ሰውዬ ያለው ቃል በቃል ይሄንኑ ነው። ማደሪያና ምግብ በነሱ። አባዬ ሁለት በሬ ሸጠ። እህቴ ከአራት ዓመት በኋላ ስትመለስ የያዘችው አንድ ፌስታል ነው። ደመወዝ ያልተከፈላትን ወራት አንድ ባንድ ቆጥራ ታውቃቸዋለች፣ ግን አታወራም። ደብዳቤውን ሳነብ እሷም ነበረች። ተነስታ ወጣች።

ይሄን ትምህርት የመረጥኩት እኮ በሷ ምክንያት ነው። አሁን መንገዱ ተከፈተ ስል እናቴ ፊት የምለው አጣሁ። እንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ የሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። እውነተኛ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?


ቆሎ በኪሴ
ሰኞ፣ ማታ 2፡52

እናትሽ ከጉግል ይበልጣሉ። ቁጭ በይ ባለሽበት።


የጣርማበር ጠበቃ
ሰኞ፣ ማታ 3፡30

ቁጭ በይ ማለትማ ምን ይከብዳል። ሥራ አይሰጣት፣ ምን አይሰጣት።

እህቴ፣ የእናትሽ ጥርጣሬ ሕጉ ውስጥም ያለ ጥርጣሬ ነው። አዋጅ ቁጥር 1178/2012ን ፈልገሽ አንብቢው። ርእሱ ራሱ ሁለት ነገር ለይቶ ነው የሚናገረው፦ «በሰው የመነገድ» እና «ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር» ወንጀል። እኛ ጋ ሁሉም «ሕገወጥ ስደት» ተብሎ ይጠቀለላል። አሻጋሪው ተከፍሎት ያሻግራል፣ ሂሳቡም ድንበሩ ላይ ያልቃል። በሰው የሚነግደው ግን ዓላማው ሰውየውን መበዝበዝ ነው። ድንበር መሻገርም ግድ አይደለም። ከመንዝ ተወስዳ አዲስ አበባ ሰው ቤት የገባች፣ ደመወዟ የተከለከለች፣ በር የሚቆለፍባት ልጅ የየትኛውንም አገር ድንበር አልተሻገረችም። ወንጀሉ ግን አለ።

በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል (በሰው መነገድን የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት) ለአዋቂ ሰው ሦስት ነገር አንድ ላይ ይፈልጋል። ድርጊት ይፈልጋል፦ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ መቀበል። መንገድ ይፈልጋል፦ ማታለል፣ ማስገደድ፣ ችግሩን አይቶ መጠቀም። ዓላማ ይፈልጋል፦ ብዝበዛ። ተጎጂው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ማታለሉ ባይኖርም ወንጀል ነው። ያንቺን ደብዳቤ በዚህ ብታዪው ምልመላ አለበት። መመልመል ብቻውን ኃጢአት አይደለም። የምታጣሪው የቀሩትን ሁለቱን ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የድርጅቱን ስም የእንግሊዝና ዌልስ ቻሪቲ ኮሚሽን መዝገብ ላይ ፈልጊ። ድረ ገጹ ለማንም ክፍት ነው። የምዝገባ ቁጥራቸው፣ የቦርድ አባሎቻቸው፣ ገቢና ወጪያቸው ይወጣል። «በቱሪስት ቪዛ ነይ፣ እዚህ ስትደርሺ እናስተካክለዋለን» ካሉሽ ስልኩን ዝጊባቸው። በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው እዚያ ለተመዘገበ በጎ አድራጎት በነፃ ማገልገል የሚችለው እስከ 30 ቀን ብቻ ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ የቻሪቲ ወርከር ቪዛ ነው። እስከ 12 ወር ይሰጣል፣ ደመወዝ አይፈቅድም። እሱን ለማግኘት ደግሞ ድርጅቱ ራሱ የስፖንሰርነት ፈቃድ ኖሮት የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬት ሊያወጣልሽ ይገባል። ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ዝርዝር የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ አለ። ስማቸው ከሌለ ነገሩ አለቀ።

አንድ ሌላ፦ 1,270 ፓውንድ ቢያንስ ለ28 ቀን ባንክሽ ውስጥ ተቀምጦ ማሳየት አለብሽ። ወይም ድርጅቱ «ወጪዋን እኔ እችላለሁ» ብሎ ሰርተፊኬቱ ላይ ያረጋግጥልሻል። የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው።


በርኖስ ለባሽ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ልጄ፣ ትልቅ ሰው ነኝና አትቀየሚኝ።

ከደብረ ብርሃን አጣዬ በመኪና ስመላለስ ነው ያረጀሁት። ይሄን ነገር ለማየት እንግሊዝ መሄድ አያስፈልግም። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ግማሽ ቀን ቁጭ በይ። ሙቀቱን ከቻልሽው። ልጆቹ ሦስት አራት ሆነው ነው የሚመጡት። ሻንጣ የላቸውም። አንድ ፌስታል፣ ሸራ ጫማ፤ አንደኛው ስልኩን ከጆሮው አያወርድም። በኮምቦልቻ ባቲ፣ ከዚያ ሚሌ፣ ሎጊያ። ከዚያ ጅቡቲ ገብቶ ኦቦክ፣ በጀልባ የመን። ላኪው ብዙ ጊዜ የማይታወቅ ሰው አይደለም። የጎረቤት ልጅ ነው፣ ቀድሞ የሄደ ነው። ስለዚህ ሰው ያምነዋል።

በ2006 ሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገናችንን ስታባርር ያን ሁሉ ሰው ቦሌ ሲራገፍ አይተናል። መንግሥትም በዚያው ሰሞን ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድን አገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ቆየ። ሰው መሄዱን ተወ? ኧረ ወዲያ። በበር የሚሄደው በመስኮት ሄደ።

ለምን እዚሁ አትሠሪም? የምልሽ ይሄን ነው። የተማረ ሰው ሁሉ ችግሩን ሊያጠና ችግሩ ከተነሳበት አገር ይወጣል።


የሰላድንጋይ ልጅ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡05

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ግን አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ከተመረቅሁ ወዲህ በነፃ ላገልግል ብዬ ሦስት ቢሮ ሄጃለሁ። አንዱ «የሥራ ልምድ አምጪ» አለኝ። ለነፃ ሥራ! ሁለተኛው ስልኬን ተቀበለ፣ እስካሁን አልደወለም። ሦስተኛው ጋ ሁለት ሳምንት ፋይል ደረደርኩ፣ ከዚያ በጀት አለቀ ተባለና ሁላችንም ተበተንን። እዚህ ያለውን ችግር ጠልቼ አይደለም የምሄደው። የሚያስገባኝ በር አጥቼ ነው።

ጠበቃው፣ እግዜር ይስጥልኝ። መዝገቡ ላይ አሉ። ስፖንሰር ዝርዝሩ ላይም አሉ። ስለ ገንዘቡ ጽፌላቸዋለሁ።


ሻይ በሁለት ስኳር
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡20

እኔ ሄጃለሁ። እዚያው እንግሊዝ፣ ስድስት ወር። ድርጅቱንም ከተማውንም አልጠራም። አለመጥራቱ ራሱ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው። መጠለያው የት እንደሆነ ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም። በር ላይ ምንም አልተጻፈም። ለሰፈሩ ሰው ተራ ቤት ነው።

ፊልም እየጠበቅሽ ከሆነ አትሂጂ። በር ሰብሮ ማዳን የሚባል ነገር የለም። እኔ የሠራሁትን ልንገርሽ፦ አንሶላ መቀየር፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ምግብ ላይ ቀን መለጠፍ፣ አንዲትን ሴት ሐኪም ቤት አድርሶ መመለስ፣ አውቶቡስ መጠበቅ፣ ስልክ ይዞ ሙዚቃ እየሰሙ አርባ ደቂቃ ተራ መጠበቅ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ በዚያው ቀን መጻፍ። «አዝና ነበር» ብዬ ስጽፍ ኃላፊዬ ሰረዘችው። «ምን አየሽ? ያየሽውን ጻፊ» አለችኝ። «ምሳዋን አልነካችም፣ ስልኳን ሁለት ጊዜ አጥፍታ ከፈተች።» እንዲህ ነው የሚጻፈው። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ይሄን ማንም አልነገረኝም።

እዚያ አንድ ሰው በሰው ንግድ ተጎጂ መሆኑ የሚታወቅበት ብሔራዊ ሥርዓት አለ፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ስም አስመዝጋቢው ሥልጣን የተሰጠው አካል ነው፤ ኢንተርን እዚያ ውስጥ እጇን አታስገባም። የመጀመሪያው መልስ ቶሎ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። የመጨረሻው ግን ወራት ይፈጃል፤ ዓመት ያለፋትም አይቻለሁ። ሴትየዋ በዚህ ሁሉ መሃል ትጠብቃለች። አንቺም አብረሻት። የሃይማኖት ድርጅቶች በዚህ ሥራ ብዙ ናቸው። በእንግሊዝና ዌልስ የአዋቂ ተጎጂዎችን ድጋፍ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት ውል የሚመራው ሳልቬሽን አርሚ ነው። ትናንሾቹ ከሱ ጋር ተዋውለው መጠለያ ይይዛሉ። ያንቺዎቹ በዚህ ውል ውስጥ ይሁኑ ወይ በራሳቸው መዋጮ የሚሠሩ ይሁኑ ጠይቂ። የሚቆጣጠራቸው ማን እንደሆነ በዚያ ታውቂያለሽ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሦስተኛ ሳምንቴ ላይ ማታ አንዲት ሴት አመጡ። ወጥ ቤት ተቀምጣለች፣ ካፖርቷን አላወለቀችም። ሻይ አፈላሁ። ስኳር ስንት ብዬ በእንግሊዝኛ ስጠይቃት ሁለት ጣቷን አሳየችኝ። ኩባያውን ሳስቀምጥላት ቀና ብላ አየችኝና «ሐበሻ ነሽ?» አለች። አዎ አልኳት። ንግግሯ የመንዝ ነው። እንደ እናቴ ነው የምታወራው። ቀጥላ «የማን ልጅ ነሽ? ከወዴት ነሽ?»

በኛ አገር ይሄ ሰላምታ ነው። አለመመለስ ነውር ነው። እኔ ግን መመለስ አልችልም፣ እሷንም መጠየቅ አልችልም። ሰፈሬን ካወቀች ሰፈሯን አወቅሁ ማለት ነው። የኔ አክስት የሷን አጎት ታውቀዋለች፤ ሳምንት ሳይሞላ ወሬው መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ነው። የላካት ሰውዬ እዚያው አለ። ብድሩም አለ። «ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ» ብቻ አልኳት። እጇን ከኩባያው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። እንደ ኮራሁባት ነው የቆጠረችው።

ጠዋት ለኃላፊዬ ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጉዳይዋ አወጡኝ። አስተርጓሚ በስልክ፣ ከሌላ ከተማ፣ ስሟ ሳይነገረው ነው የገባላት። ተናድጄ አለቀስኩ። ቋንቋዋን የማውቅ እኔ፣ የምባረረው እኔ። ቆይታ ሌላ መጠለያ ወሰዷት። ከመሄዷ በፊት ኮሪደር ላይ አግኝታኝ «ደህና ሁኚ እሺ» አለችኝ፣ ስሜን ሳትጠራ። ስሜን ታውቀዋለች፤ ውስጥ የቢሮው በር ላይ ተለጥፏል። ያኔ ነው እኔም የሷን እንዳልጠራ መፈለጓ የገባኝ።

ስለዚህ አማርኛ ስለምታውቂ ጠቃሚ ነኝ ብለሽ እንዳትሄጂ። አማርኛሽ አንዳንዴ ችግር ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ብርዱ የደብረ ብርሃን ልጅን አያስፈራም፤ ጨለማው ነው የሚከብደው። ታኅሣሥ ላይ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። እና ዕዳ ይዘሽ እንዳትሄጂ። በወለድ ከሰው ተበድረሽ፣ ከብት አሽጠሽ ከሄድሽ፣ የተበደረችውን ሴት ስታዪ ራስሽን ነው የምታዪው። ሥራ አትሠሪም። እኔ የሄድኩት የእናቴ ጽዋ ማኅበር ባዋጣውና ሁለት ዓመት በጣልኩት ዕቁብ ነው።


ቆሎ በኪሴ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡41

እሺ የመጀመሪያ ኮሜንቴን ሰርዤዋለሁ በሉኝ። ሻዩ ላይ ስደርስ ቆምኩ።


ማያዋዲ ያየሁ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡10

አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ሁለት ጊዜ በቪዲዮ አናገሩኝ» የምትለዋን ነገር ማስረጃ አታድርጊያት።

እኔንም አናግረውኛል። ንጹሕ እንግሊዝኛ የምትናገር ሴት፣ ከኋላዋ ቢሮ። የኮምፒውተር ሥራ፣ ባንኮክ። የታይፒንግ ፈተና ሁሉ ፈትነውኛል፣ ማለፌን ሲነግሩኝ ቤተሰብ እልል አለ። ባንኮክ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ መኪና ሌሊቱን ሲነዳ አደረ። ጠዋት ወንዝ አሻገሩኝ። በርማ ነው፣ ማያዋዲ የሚባል ከተማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሐሰት ፎቶ ፍቅረኛ መስዬ የሰው ገንዘብ እንድበላ ነው የተደረግሁት። የቀኑን ድርሻ ያልሞላ ይደበደባል።

በየካቲት 2017 አንዱ የታጠቀ ቡድን ወደ ታይላንድ ከለቀቃቸው 260 ገደማ ሰዎች ከግማሽ በላዩ ኢትዮጵያዊ ነበር። ዜናውን ሰምታችሁት ይሆናል። እኔ ከዚያ ቆይቼ ነው የወጣሁት። ድንበሩ ላይ ያገኙን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ለማን መደወል ትፈልጋለህ?» ነው። ስልኩን ሰጥተውኝ ከክፍሉ ወጡ። ሳልናገር ዝም ብዬ ቆየሁ፣ የእናቴ ቁጥር ጠፍቶኝ ነበር።

ስለዚህ ድርጅቶቹን አልጠላም። ግን አጣሪ። ደብዳቤው ከነሱ መምጣቱን እርግጠኛ የምትሆኚው ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውለሽ አይደለም። መዝገቡ ላይ ባለው ስልክ ደውይና «ይህን የጻፈችው ሴት እናንተ ጋ ትሠራለች?» በይ።


ዓልዩ አምባ ቁልቁል
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡00

ወንድሜ፣ አላህ አተረፈህ።

የኔ ጨዋታ ሌላ ነው። ከአንኮበር ሥር ነው አገሬ። ዓልዩ አምባ የሲራራ ነጋዴ ከተማ ነበረች። በ1830ዎቹና 40ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከዚህ ወደ ታጁራ የሚወርደው ቅፍለት ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰው ነበር የሚጭነው። የባሪያ ገበያው አብዱል ረሱል የሚባል ቦታ ነው፣ እዚያው አጠገብ። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ አንኮበር የወጡት በዚያው መንገድ ነው። አሁን በርኖስ ለባሽ ያሉት የልጆቹ መንገድስ? አፋርን ተሻግሮ ጅቡቲ። ኦቦክ ከታጁራ ስንት ትርቃለች? ያው ባሕረ ሰላጤ ነው። ባርነት በአዋጅ የቀረው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ነው። መንገዱ ግን አዋጁን አልሰማም መሰለኝ። ያኔ በሰንሰለት፣ አሁን ልጁ ራሱ ከፍሎ።

ጥያቄ አለኝ። ትንሿ እህቴ ሕግ ተማሪ ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለች። ሙስሊም ናት። እነዚህ የክርስቲያን ድርጅቶች ይቀበሏታል?


ዲያቆን ነኝ ግን
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡35

ዓልዩ አምባ፣ እንደ ድርጅቱ ነው። አንዳንዶቹ ሠራተኛውም ኢንተርኑም ክርስቲያን እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ ማመልከቻው ላይ የእምነት መግለጫ ያስጽፋሉ፣ ጠዋት ጠዋት አብሮ ጸሎት አለ። ሌሎቹ ሃይማኖት አይጠይቁም፣ ማንንም ያስገባሉ። ካሪታስ ሊባኖስ በ1994 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ማዕከሉን ሲከፍት ካቶሊክ ነው፣ የሚያገለግላት ሴት ግን ከየትም ትሁን። የካቶሊክ መነኮሳይያት ለዚሁ ሥራ ታሊታ ኩም የሚባል መረብ አላቸው፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አገር። እህትህ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ታንብብና በግልጽ ትጠይቅ። ደብቃ እንዳትገባ።

አንቺ የሰላድንጋይዋ፣ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አልሽ። ኦርቶዶክስ ነሽ ብዬ ገምቼ ነው። የእምነት መግለጫ አስጽፈውሽ ይሆናል። የሌላ ሰው መግለጫ ከኢንተርኔት እንዳትገለብጪ፣ ያስታውቃል። የምታምኚውን ጻፊ፦ እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ ንስሐ አባት አለኝ። የንስሐ አባትሽ የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፉልሽ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ጾሙ አያሳስብሽ። «ሥጋም ወተትም አልበላም» ካልሽ ቪጋን ናት ይሉሻል። ሁዳዴን በሙሉ በዚህ ስም ትጨርሺዋለሽ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ጠይቂ፦ መጠለያው ውስጥ ያሉት ሴቶች ጸሎት ላይ እንዲገኙ ይገደዳሉ ወይ? አልጋና እንጀራ ይዞ «ና ጸልይ» የሚል ካለ ዲያቆንም ብሆን አልወደውም። ያቺ ሴት ስንት ጊዜ «እሺ ጌታዬ» እያለች የኖረች ናት። አንድ ቀን እንኳ እንቢ ማለት ይገባታል።


በርኖስ ለባሽ
ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50

አንብቤ አደርኩ። የሻይዋ ልጅ አስለቀሰችኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ።

ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን ልጄ፣ ከሄድሽ ያቺን «ያየሽውን ጻፊ» የምትለዋን ነገር ይዘሽ ተመለሽ። መናኸሪያው ላይ የሚጽፍ ሰው የለንም። ሁሉም ያዝናል።


የሰላድንጋይ ልጅ
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡15

ቆይቼ ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መዝገቡ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ፣ ማያዋዲ እንዳለኝ። ያነሳችው ሌላ ሴት ናት። ያናገረችኝ አስተባባሪ እዚያ ትሠራለች፣ ደብዳቤውም የነሱ ነው። ወጪዬን እስከ 1,270 ፓውንዱ ድረስ ሰርተፊኬቱ ላይ ያረጋግጡልኛል። ሴቶቹ ጸሎት አይገደዱም። ኢንተርኖቹ ግን ጠዋት ላይ አብረው ይጸልያሉ። የእምነት መግለጫ አዎ አስጽፈውኛል፣ ዲያቆኑ ደርሶበታል። ግማሽ ገጽ ስለ ሰላድንጋይ ማርያም ነው የጻፍኩት።

ከዚያ «ቤተሰቤ ሊያናግራችሁ ይፈልጋል» አልኳቸው። እሺ አሉ፤ ትናንት ከሰዓት በቪዲዮ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። አባዬ ኮቱን ለበሰ። ላፕቶፑ የጎረቤት ነው። እማዬ የጠየቀችው «ልጄ ብትታመም ማን ያስታምማታል?» ነው። አስተባባሪዋ የሐኪሙን ነገር፣ አብራኝ የምትኖረውን ልጅ ስም፣ ሁሉን አስረዳች። እኔ እተረጉማለሁ። እማዬ ፊቷ አልተፈታም።

እህቴ በሩ ጋ ቆማ ነበር። አልተቀመጠችም። ልንጨርስ ስንል «አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አለች። እኔ ፓስፖርት ትላለች ብዬ ነበር። «በሩ ከውስጥ ይከፈታል?»

ተረጎምኩ። ሴትየዋ አልገባትም። ደግሜ ተረጎምኩ። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ምንም ሳትናገር ኮምፒውተሯን አንስታ ይዛው ሄደች። ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ኮሪደር ሲወዛወዝ አየን። የኢንተርኖቹ ቤት ነው፣ እዚያው ነበረች። በሩን በውስጥ በኩል አሳየችን። ቁልፉን አዙራ ከፈተችው። ዝናብ ይዘንባል። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። «ሦስት ቁልፍ አለ፣ አንዱ የሷ ነው» አለች።

እህቴ «እሺ» አለችና ወጣች። ማታ አልጋችን ላይ ሆነን ስለ ቤይሩት ለመጀመሪያ ጊዜ አወራችኝ። የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም።

አባዬ በሬ እንሽጥ አላለም፣ እኔም አላስነሳሁትም። ትኬቱን የእማዬ ጽዋ ማኅበር ግማሹን ይዟል፣ የቀረውን እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት እየሠራሁ እሞላለሁ፤ ድርጅቱም መግቢያዬን ወደ ጥር ገፍቶልኛል። ከፌዴራል ፖሊስ የወንጀል ነፃ ማስረጃ ለማውጣት ሰኞ አዲስ አበባ እወርዳለሁ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ። ቪዛው ገና ነው። ሊከለከልም ይችላል።

እማዬ እስካሁን ሂጂ አላለችም። ያለችው ይሄን ነው፦ ትኬቱ ደርሶ መልስ ይሁን፣ የመመለሻው ወረቀት እኔ ጋ ይቀመጥ። ትኬት አሁን በስልክ ነው፣ ወረቀት የለውም ብላት አልሰማችኝም። ፕሪንት አድርጌ ሙዳዩዋ ውስጥ ላስቀምጥላት ነው።


ቆሎ በኪሴ
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡22

ሁለት ኮፒ አድርጊው። አንዱን ለእህትሽ።